የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖች የካሙፍላጅ ቀለም፦ ሞዴል ሠሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የበረሩ የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ትንንሽ ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ትክክለኛው ቀለም የትኛው እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በተለይ ሜሰርሽሚት 109ን እና ፎከ ቩልፍ 190ን ይመለከታሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀለም ጠርሙሶች ላይ የሚታየው “አርኤልኤም” ምንድን ነው?

በ1933 የተቋቋመው የጀርመን የአየር ሚኒስቴር ስም በአጭሩ ሲጻፍ ነው። ሚኒስቴሩ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ቀለም ቁጥር ሰጠ። 02 አረንጓዴ የሚያጠላበት ግራጫ ነው፤ 04 ቢጫ፣ 65 ፈካ ያለ ሰማያዊ፣ 66 ጥቁር ግራጫ፣ 70 ወደ ጥቁር የሚያደላ አረንጓዴ፣ 71 ደግሞ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ቀለሞቹ ከነአጠቃቀማቸው የሰፈሩበት መመሪያ ኤል.ዲ.ቪ. 521/1 ይባላል፤ በ1938 እና በኖቬምበር 1941 የወጡት እትሞች ዛሬም የተመራማሪዎች መነሻ ናቸው። ይህ ሥርዓት ራል ከሚባለው የኢንዱስትሪ ቀለም መለያ የተለየ ነው። ቁጥር ለቁጥር እያመሳሰሉ መግዛት የተሳሳተ ቀለም ያስይዛል።

ሞዴሉን ገዝቻለሁ፤ የትኞቹን ቀለሞች ልግዛ?

ለጊዜው ምንም አትግዙ። መጀመሪያ የምትሠሩትን አውሮፕላን ምረጡ። “ሜሰርሽሚት 109” ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ከሠላሳ ሺህ በላይ ተመርቷል፤ ከአርክቲክ እስከ ሰሐራም በርሯል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ የተወሰነ አውሮፕላን፣ የታየበት ወር፣ የነበረበት ግንባር፣ ከተቻለም የፋብሪካ ተከታታይ ቁጥሩ ነው። እነዚህ ሲታወቁ የቀለሙ ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ ማለት ነው። ሳይታወቁ ግን የዓለም ቀለም ሁሉ ቢሰበሰብ ክርክሩ አያልቅም።

ሃንስ ዮአኪም ማርሰይን እንውሰድ። በሰሜን አፍሪካ የ“ቢጫ 14” አብራሪ እየተባለ በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያንን ቁጥር የተሸከመው አንድ አውሮፕላን ብቻ አልነበረም። በ1942 በርካታ የኤፍ ዓይነት አውሮፕላኖችን በተከታታይ አብርሯል፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1942 ሲሞት የነበረበት ደግሞ አዲስ የጂ ዓይነት ነበር። የአንዱን አውሮፕላን የጅራት መቅዘፊያ (አቅጣጫ መቀየሪያ)፣ የሌላውን አፍንጫ፣ የሦስተኛውን ቀለም አዋህዶ የሚሠራ ሰው በታሪክ ያልነበረ አውሮፕላን ይሠራል። ይህ ስሕተት የሚያሳዝነኝ መረጃው እያለ ስለሚፈጸም ነው፤ ፎቶዎቹን በቀን መደርደር ብቻ ይበቃ ነበር።

በየዘመኑ የተለመዱት ቀለሞች የትኞቹ ናቸው?

ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር የሜሰርሽሚት 109 የላይኛው ገጽ ስለታማ ማዕዘን ባላቸው ቅርጾች በ70 እና በ71 ይቀባ ነበር፤ ሰማያዊው 65 በሆዱ ላይ ብቻ ይቀር ነበር። ከላይ ለሚያይ፣ መሬት ላይ ለቆመ አውሮፕላን ይህ ጥሩ መደበቂያ ነው። በአየር ውጊያ ግን ጥቁሩ ጎን ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ከ1939 ወደ 1940 በተሻገረው ክረምት 65 በጎኖቹ ላይ ከፍ ብሎ ወጣ፤ 70 ቀርቶም 71 እና 02 በአንድነት መሥራት ጀመሩ። በ1940 በጋ፣ በብሪታንያ ሰማይ ላይ ውጊያው ሲፋፋም፣ ይህ ብሩህ ጎን ደግሞ ከባሕሩ በላይ ጎልቶ ታየ። በየአየር ማረፊያው ያሉ መካኒኮች በእጃቸው ባለው ቀለም በብሩሽ፣ በስፖንጅ፣ በመርጫ ነጠብጣብ እያደረጉ አጠቆሩት። በዚያ ወቅት ሁለት ጓዶች አንድ ዓይነት ዝንጉርጉር አልነበራቸውም፤ የአንዱ ጓድ ሁለት አውሮፕላኖችም ሊለያዩ ይችላሉ። በዚያው በጋ መገባደጃ ላይ አፍንጫና መቅዘፊያ በቢጫ መቀባት ተስፋፋ።

ከ1941 ጀምሮ የግራጫዎቹ ዘመን ነው፦ ከላይ 74 እና 75፣ ከታች 76። 74 አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጠቆር ያለ ግራጫ፣ 75 ሐምራዊ የሚያጠላበት መካከለኛ ግራጫ፣ 76 ደግሞ በጣም ፈካ ያለ ግራጫማ ሰማያዊ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ እነዚህ ቀለሞች በኖቬምበር 1941 ሰነድ ከመታተማቸው በፊት በአውሮፕላኖች ላይ ታይተዋል። የታተመበት ቀን ቀለሙ የጀመረበት ቀን አይደለም።

በሰሜን አፍሪካ፣ ጄጂ 27 የተባለው ተዋጊ ክፍል የመጀመሪያው ቡድን በኤፕሪል 1941 ሊቢያ ከደረሰ በኋላ፣ የአሸዋ ቢጫው 79 ከላይ፣ ሰማያዊው 78 ከታች ሆኑ፤ በመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ላይ የወይራ አረንጓዴው 80 በነጠብጣብ መልክ ተጨምሯል። ከጅራቱ በፊት ያለው ነጭ ቀበቶ የሜዲትራንያን ግንባር ምልክት ነው፤ ቢጫ ሲሆን የምሥራቁን ግንባር ያሳያል። በምሥራቅ ግንባር ክረምት ሲገባ ታጥቦ የሚለቅ ነጭ ቀለም ይቀባ ነበር። በሌኒንግራድ አካባቢ የነበረው ጄጂ 54 ደግሞ ከመመሪያው ወጣ ባሉ አረንጓዴዎችና ቡናማዎች ይታወቃል፤ ለዚህ ክፍል ፎቶ ሳይያዝ ቀለም መምረጥ ከንቱ ነው።

በጦርነቱ ማብቂያ ጀርመንን ለመከላከል የተሰለፉ ክፍሎች በጅራታቸው አጠገብ የራሳቸውን ቀበቶ ይቀቡ ነበር፦ ጄጂ 3 ነጭ፣ ጄጂ 27 አረንጓዴ፣ ጄጂ 53 ጥቁር፣ ጄጂ 301 ቢጫና ቀይ።

ከጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም ማወቅ ይቻላል?

ቀለሙን በቀጥታ ማወቅ አይቻልም፤ የማይሆነውን ለይቶ ማስወጣት ግን ይቻላል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለእኔ ግን ከሞዴል ሥራ ሁሉ የበለጠ የሚያስደስተው ክፍል ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ፊልሙን መረዳት ያስፈልጋል። በዘመኑ ሁለት ዓይነት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች በሥራ ላይ ነበሩ። ኦርቶክሮማቲክ የሚባለው ለቀይ ብርሃን ዕውር ነው፤ ቀይን ጥቁር፣ ቢጫን ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሰማያዊን ደግሞ ነጭ አስመስሎ ያወጣል። ፓንክሮማቲክ የሚባለው ሁሉንም ቀለሞች ያያል፤ በእርሱ ላይ ቢጫ አፍንጫ ብሩህ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ፎቶ ላይ ጠቁሮ የታየ አፍንጫ የግድ ቀይ ወይም ጥቁር አይደለም፤ ቢጫ ሊሆን ይችላል። በሌንሱ ላይ የተገጠመ ባለ ቀለም ማጣሪያም ይህንኑ ያምታታል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? በዚያው ፎቶ ውስጥ ቀለሙ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ፈልጉ። የጀርመን አየር ኃይል ምልክት የሆነው የክንፉ መስቀል ነጭና ጥቁር አለው፤ ይህ የመለኪያው ሁለት ጫፍ ይሆናል። የነዳጅ ምልክቱ ሦስት ማዕዘን ቢጫ ነው። እርሱ ጠቁሮ ከታየ ፊልሙ ኦርቶክሮማቲክ ሊሆን ይችላልና ስለ ቀይና ቢጫ የምትወስኑትን ሁሉ በዚያ ዓይን መልሳችሁ መርምሩ። ከዚያ ያልታወቀውን ቀለም በዚያው ብርሃን፣ በዚያው አቅጣጫ ከሚገኝ የታወቀ ቀለም ጋር አነጻጽሩ። ፀሐይ የመታችው የክንፍ ገጽና ጥላ ውስጥ ያለው ሆድ አይነጻጸሩም። ከአንድ በላይ ፎቶ ካለ፣ በተለይም ከተለያየ ወገን የተነሣ ከሆነ፣ ሁሉንም ተጠቀሙ። በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ ንጽጽሩ ተጠናክሮ ነው የሚወጣ፤ ከዋናው ኔጋቲቭ የተወሰደ ቅጂ ከተገኘ እርሱ ይመረጣል። የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት በ2008 ከሰማንያ ሺህ በላይ ምስሎችን በዊኪሚዲያ በኩል ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ከእነዚያ መካከል የፕሮፓጋንዳ ክፍል ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸው የአየር ኃይል ፎቶዎች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ያለ ምንም ክፍያ ሊያያቸው የሚችል ሰው ሌላ ሰው በቀባው ሥዕል ብቻ መመራት የለበትም።

በዚህ መንገድ 74 እና 75ን ከ70 እና 71 መለየት ይቻላል፤ በመጀመሪያዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ የኋለኞቹ ሁለት አረንጓዴዎች ግን በፎቶ ላይ አንድ እስኪመስሉ ይቀራረባሉ። 02ን ከ75 መለየት ግን በግራጫ ምስል ብቻ አስተማማኝ አይደለም። እዚያ ላይ ቀኑና ፋብሪካው ይወስናሉ።

የዘመኑ ባለ ቀለም ፎቶዎችስ አሉ አይደል?

አሉ፤ ኮዳክሮም የተባለው ባለ ቀለም ፊልም ከ1935፣ የአግፋ ኩባንያ ፊልም የሆነው አዲሱ አግፋከለር ከ1936 ጀምሮ ነበሩ። የጀርመኖቹ ፎቶዎች በአብዛኛው በአግፋ ናቸው፤ የአግፋ ማቅለሚያዎች ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይደበዝዛሉ፤ የምስሉም ሚዛን ወደ አንድ ቀለም ይዘነበላል። ኮዳክሮም በጨለማ ከተቀመጠ በእጅጉ የተሻለ ጽናት አለው። ባለ ቀለም ፎቶ ቢጫን ከነጭ፣ አረንጓዴን ከግራጫ ለመለየት ግሩም ምስክር ነው። የ76ን ትክክለኛ የቀለም መልክ ግን ከእርሱ ላይ በኮምፒውተር ልኬት አውጥቶ ቀለም መቀላቀል አይገባም። ሰማዩ፣ ሣሩና የሰው ፊት ምን እንደሚመስሉ እዩ፤ እነርሱ ወደ ሐምራዊ ካደሉ አውሮፕላኑም አድልቷል።

በሙዚየም ያሉትን አይቶ መቅዳት አይበቃም?

አብዛኞቹ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና የተቀቡ ናቸው። እንደገና የተቀባ አውሮፕላን የሚያሳየን ቀቢዎቹ በዚያን ጊዜ የነበራቸውን እውቀት ነው፤ አንዳንዱ ግሩም ነው፤ አንዳንዱ በተለይ የቆየው ከእውነት የራቀ ነው።

ዋጋቸው የማይተመነው የጦርነት ጊዜ ቀለማቸውን እንደያዙ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በካንቤራ፣ በአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ያለው ሜሰርሽሚት 109 ጂ-6፣ የፋብሪካ ቁጥሩ 163824፣ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ይጠቀሳል። የዋሽንግተኑ ስሚትሶኒያን ሙዚየም ንብረት የሆነው ፎከ ቩልፍ 190 ኤፍ-8 ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ እድሳቱ በ1980 ሲጀመር የላይኛውን ቀለም በጥንቃቄ እየፋቁ በሥሩ የተደራረቡ የቀድሞ ቀለሞችን አግኝተዋል። አንድ አውሮፕላን በዕድሜው ውስጥ ተጠግኖ፣ ክንፍ ተለውጦለት፣ ዓይነቱም ተቀይሮ እንደገና ሊቀባ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አላውቅም።

በአህጉራችንም የሚታይ አለ። ጆሃንስበርግ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የጦር ታሪክ ሙዚየም ሜሰርሽሚት 109 ኢ እና ባለ ሁለት መቀመጫ የሌሊት ተዋጊ የሆነውን ሜሰርሽሚት 262 ጄት ይዟል። ለሥራም ሆነ ለጉብኝት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ግማሽ ቀን ሊመድብላቸው ይገባል።

ከመሬትና ከውኃ ውስጥ የሚወጡ ስብርባሪዎችን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥበትና አፈር ቀለምን ይለውጣሉ። የተሻለው ናሙና የሚገኘው ሁለት የብረት ወረቀቶች በተደራረቡበት ወይም ከተለጠፈ ሰሌዳ ሥር፣ ፀሐይና ዝናብ ባልደረሱበት ቦታ ነው።

ስለ 81፣ 82 እና 83 ሁሉም የተለያየ ነገር የሚናገረው ለምንድን ነው?

ምክንያቱም የ1941ዱ መመሪያ ከነናሙናው ሲደርሰን የእነዚህ ግን አልደረሰንም። በ1944 በጋ ሚኒስቴሩ ባወጣቸው ማስታወቂያዎች የቆዩትን ቀለሞች እያስወጣ 81 እና 82ን እንዲተኩ አዘዘ። ፋብሪካዎቹ ግን በእጃቸው ያለውን ክምችት እስኪጨርሱ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር መጠቀም ነበረባቸው፤ ስለዚህ በአንድ ክንፍ ላይ 75 እና 81 ጎን ለጎን ቢገኙ አይገርምም። 82 ፈካ ያለ አረንጓዴ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። 81 በአንዱ ፋብሪካ ወረቀት ቡናማ ሐምራዊ፣ በሌላው ወይራማ ቡናማ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በተገኙ ቁርጥራጮች ላይም ከቡናማ እስከ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይለያያል።

83 ለብዙ አሥርት ዓመታት ጠቆር ያለ አረንጓዴ እየተባለ ሲሸጥ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ግን ሰነዶችን የመረመሩ አጥኚዎች ለባሕር ላይ ሥራ የታሰበ ሰማያዊ ነው የሚል ጠንካራ መከራከሪያ አቅርበዋል። እኔ በዚህ ያዘነበልኩት ወደ ኋለኞቹ ነው። ይህ ማለት አረንጓዴው ቀለም በአውሮፕላኖቹ ላይ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ፎቶውም ቁርጥራጩም ይመሰክራሉ። የተሳሳተው ቁጥሩ ሊሆን ይችላል። “83” ተብሎ የተገዛ አረንጓዴ ቤት ውስጥ ካለ አትጣሉት፤ ጠቆር ላለው የ81 ዝርያ ያገለግላል።

“84” የሚባለውስ? በጦርነቱ መጨረሻ በሆድና በጎን ላይ የታየውን አረንጓዴማ ሰማያዊ ለመጥራት ከጦርነቱ በኋላ አጥኚዎች የሰጡት ስም ነው። ቀለሙ እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩን ግን የያዘ የዘመኑ መመሪያ የለም።

በዚህ ዘመን ከቁጥሩ ይልቅ ፋብሪካው ይበልጥ ይናገራል። ለምሳሌ የሜሰርሽሚት 109 ጂ-10 ተከታታይ ቁጥር በ130 ሲጀምር ሬገንስበርግ፣ በ490 ሲጀምር ላይፕሲግ የነበረው ኤርላ፣ በ610 ሲጀምር የቪየነር ኖይሽታት ሥራ ነው። የጎኑ ዝንጉርጉር፣ የላይኛውና የታችኛው ቀለም የሚገናኙበት መስመር፣ የመስቀሉ አሣሣል በየፋብሪካው ይለያያል። በፎከ ቩልፍ 190 ዲ-9 ላይ ደግሞ ክንፍ፣ ገላና ጅራት ከተለያየ ቦታ ተቀብተው መጥተው ስለሚገጣጠሙ ቀለማቸው ሳይገጥም የቀረባቸው ብዙ ናቸው። የክንፉ ሆድ በከፊል ሳይቀባ ብረቱ እንደታየ የቀረባቸውም አሉ። በቦምብ ድብደባ ሥር፣ ሥራው በየዋሻውና በየጫካው ተበታትኖ፣ ቀለም እንኳ እየጠፋ የተሠሩ አውሮፕላኖች መሆናቸውን ሞዴሉ ቢያሳይ መልካም ነው።

የሁለት ኩባንያዎች “75” ለምን አይመሳሰልም?

አንዱ ከታተመ ናሙና፣ ሌላው ከሙዚየም ቁርጥራጭ፣ ሦስተኛው ከቀደመው ኩባንያ ስለሚቀዳ ነው። በዚያ ላይ የዘመኑ ቀለም አምራቾችም ብዙ ነበሩ፤ የበርሊኑ ቫርነከ ኡንድ ቦም እና የኮሎኙ ሄርቢግ ሃርሃውስ ከሚታወቁት ናቸው፤ የቡድን በቡድን ልዩነት መኖሩ የሚጠበቅ ነው።

ሁለት ናሙናዎችን ስታነጻጽሩ በመስኮት በኩል በሚገባ የቀን ብርሃን፣ በፀሐይ ቀጥታ ሳይሆን በጥላ አነጻጽሩ። በአምፖል ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ግራጫዎች በቀን ብርሃን የተለያዩ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ የተሠሩበት ማቅለሚያ ስለሚለያይ ነው። 75 በተለይ ሐምራዊነቱ በቢጫ አምፖል ሥር ይጠፋል። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚደረግ ንጽጽር ዋጋ የለውም።

በእጅ ያለ ምርጫ ለሚፈልጉ ጉንዜ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሞዴል ቀለሞች ለ74፣ 75 እና 76 ኤች 68፣ ኤች 69 እና ኤች 417 ናቸው። መነሻ ይሆናሉ።

ለሞዴል ሲሆን ቀለሙ መፍካት አለበት?

ብዙ ሰው ትንሽ ነጭ ይጨምራል፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር በአየሩ ምክንያት ስለሚፈካ። ከእውነተኛው አውሮፕላን 1/32 መጠን ባለው ሞዴል እኔ ምንም አልጨምርም፤ በ1/72 ግን 70ን እና 74ን ማፍካት ቅርጹ እንዲታይ ይረዳል። ነጭ ብቻ መጨመር ቀለሙን ያቀዘቅዘዋል፤ ለአረንጓዴዎቹ ጥቂት ቢጫ ወይም የአሸዋ ቀለም ይሻላል።

የውስጡስ ቀለም?

የአብራሪው ክፍል እስከ 1941 ድረስ 02፣ ከዚያ በኋላ 66 ነው። የጎማ ቤቶችና የማረፊያ እግሮች በአብዛኛው 02 ሆነው ቀጥለዋል።

በጅራቱ ላይ ያለውን የናዚዎች ምልክት፣ ስዋስቲካን፣ ማድረግ አለብኝ?

በታሪክ አውሮፕላኖቹ ላይ ነበር። በጀርመን ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለትምህርት፣ ለጥናትና ለሥነ ጥበብ የተፈቀደ ልዩ ሁኔታ ቢኖርም ብዙ አምራቾች ከሳጥኑ ሥዕልም ከተለጣፊውም ያስወጡታል ወይም ለሁለት ከፍለው ያትሙታል። ጀርመን ውስጥ በኤግዚቢሽን የምትሳተፉ ከሆነ የአዘጋጁን ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በቤታችሁ ያለው ውሳኔ የእናንተ ነው። ብታደርጉት ግን ሞዴሉን ለሚያዩ ልጆች ምልክቱ የማን እንደነበረና በሥሩ ምን እንደተፈጸመ ንገሯቸው፤ ከቀለሙ ትክክለኛነት የማያንስ ኃላፊነት ነው።

ቀለም ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት እችላለሁ?

በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም። በቲነር የሚቀጥን ላከር፣ ኢናሜል፣ ቲነሩ ራሱና የስፕሬይ ጣሳ ግን ተቀጣጣይ ናቸውና በመንገደኛ ሻንጣ አይገቡም። ዘመዳችሁን ችግር ውስጥ እንዳትከቱ አክሪሊክ ብቻ እዘዙ፤ ጠርሙሶቹ በጥብቅ መከደናቸውን አይቶ እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ በሚረከብ ሻንጣ መሐል፣ በልብስ መካከል ያስቀምጣቸው።